ሉዋን ቺያዎ እና የተሳቢው ጎማዎች

ሉዋን ቺያዎ ለሃያ ሦስት ዓመት የጭነት መኪና ጎማ ስትፈታና ስትገጥም ኖራ፣ አንድም ቀን ጋቢና ላይ ወጥታ የማታውቀው ለምን ነበር? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ መልሱን አላውቅም። ሾፌሮቹ የየራሳቸውን ይላሉ። አንዱ ባሏ በመኪና አደጋ ስለሞተባት ነው ይላል፤ ባሏ ሻንግ ግን ከጎማ ቤቱ ጀርባ ባለው ኩሬ ሽሪምፕ እያረባ በሰላም የሚኖር፣ በሕይወቱ መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ነው። ሌላው ከፍታ ትፈራለች ይላል፤ እኔ ግን ቆርቆሮ ጣሪያዋ ላይ ወጥታ በረዶ ስትጠርግ አይቻታለሁ። አንድ ቀን ራሷን ጠየቅኳት።

"ጫማ ሰፊ የሰው ትከሻ ላይ ይወጣል እንዴ?" አለችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ከወደቡ የብረት አፈር ጭኖ ወደ ማቅለጫው የሚወጣ መኪና ሁሉ በደጃችን ያልፋል። በደጃችን የምለው የባትሪ መለወጫ ጣቢያውና የሉዋን ጎማ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆኑ ነው። እኔ ጣቢያው ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። መኪናው ይገባል፤ ማሽኑ ከጋቢናው ጀርባ ያለውን፣ ቁም ሣጥን የሚያህለውን ባትሪ አንሥቶ የሞላውን በቦታው ያስቀምጣል፤ በአምስት ደቂቃ መኪናው ይወጣል። የሷ ሥራ በአምስት ደቂቃ አያልቅም።

ተወልዳ ያደገችው ከታንግሻን በስተሰሜን ባሉት ኮረብቶች ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ያለቀ ጎማ የሚያድስ ቤት ተቀጠረች። እዚያ አሮጌው ጎማ ይፋቃል፣ አዲስ ላስቲክ ይለበሳል፣ ከዚያ በጋለ ብረት ተጨፍልቆ ይበስላል። በሦስተኛው ዓመት የጋለው ብረት የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ያዘባት። ጣቶቹ ተረፉ፤ ስሜታቸው ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ነገርን የምትዳስሰው በእጇ ጀርባ ነው። የሻይ ብርጭቆም ቢሆን፣ የልጅ ግንባርም ቢሆን፣ ጎማም ቢሆን። የማያውቃት ሰው ዕቃውን የተጸየፈችው ይመስለዋል።

ወደቡ ሲከፈት ከሻንግ ጋር ወደዚህ ወረዱ። ያኔ መንገዱ የናፍጣ መኪናዎች ነበር። የተፈቀደላቸውን እጥፍ ይጭናሉ፤ ጎማ በየሳምንቱ ይፈነዳል። እሷም አንድ ደንብ ይዛ ነበር፤ ደንቡንም በገዛ እጇ በቀይ ቀለም ግድግዳዋ ላይ ጻፈችው፦ "አዲሱ ለራስ፣ አሮጌው ለጭራ።" ራስ የሚባለው ጋቢናውና ሞተሩ ያለበት ጎታች ነው፤ ጭራ ተሳቢው። ራሱ አሥር ጎማ አለው፣ ጭራው አሥራ ሁለት። አዲስ ጎማ ሁልጊዜ ራሱ ላይ ይገጠማል፤ እዚያ ሲሳሳ ወደ ጭራው ይሻገራል፤ ጭራው ላይ እስኪበጣጠስ ይሄዳል። ምክንያቱን ስትጠየቅ፣ "የራስ ጎማ ሲፈነዳ ሰው ይሞታል። የጭራ ጎማ ሲፈነዳ ሾፌር ይሳደባል" ትል ነበር። መንገዱ ሁሉ ይህን ተማረ። አዲስ ጎማ በገጠመች ቁጥር ቀይ ጨርቅ ቀድዳ የጎማው ብሎን ላይ ታስራለች፤ ለመልካም ዕድል። ጭራ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረችበትን ቀን ግን ማንም አያስታውስም።

የዛሬ አራት ዓመት የኤሌክትሪክ መኪናዎቹ መጡ። ከባትሪያቸው የተነሣ ከናፍጣዎቹ በሦስት ቶን ያህል ይከብዳሉ። ድምፅ የላቸውም። እግርህን ስትረግጥ ያላቸውን ጉልበት በአንድ ጊዜ ጎማው ላይ ያወርዱታል፤ ናፍጣው ላይ ዓመት የሚቆይ ጎማ በስድስት ወር ይበላል። መጀመሪያ ሾፌሮቹ ሉዋንን ወቀሷት። ላስቲክሽ እንደ ቶፉ፣ እንደ አኩሪ አተር አይብ የለሰለሰ ነው አሏት። እሷ ደግሞ መኪናችሁ ሆዳም ነው አለቻቸው። እንዲህ እየተባባሉ ተላመዱ።

ያልተላመዱት ብርዱን ነው። በብርድ ወራት ባትሪው ቶሎ ይደክማል። ከወደቡ እስከ ማቅለጫው ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሽቅብ ተጭኖ፣ ቁልቁል ባዶ። ማቅለጫውም ጋ ሆነ መሐል ላይ ባትሪ የሚለወጥበት ቦታ የለም። ስለዚህ ሾፌር ሁሉ ከመጀመሪያው ውርጭ እስከ መጨረሻው ማሞቂያ ሳይከፍት ይነዳል። የወታደር ካፖርት ደርበው፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጠምጥመው፣ ትኩስ ውኃ የሞላ ጠርሙስ ብብታቸው ውስጥ ይዘው። ያም ሆኖ ባትሪው ከመቶ ስምንት ሲደርስ ሰሌዳው ላይ የኤሊ ሥዕል ይበራል። ኤሊው ከበራ መኪናው የቀረችውን ኃይል ይሰስታል፤ ብትረግጠውም ብትለምነውም ከሰው ሶምሶማ አይፈጥንም፤ ዳገት ካገኘው ደግሞ ጨርሶ ይቆማል።

ወደ ወደቡ ለመግባት ረጅም ድልድይ አለ፤ በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ። ድልድዩ ላይ ኤሊ የበራበት መኪና ከኋላው ስልሳ መኪና ይሰበስባል። ጭነት የሚያከፋፍለው የጫኞቹ ማኅበር ተሰብስቦ ደንብ አወጣ፦ በአንድ የብርድ ወራት ሦስት ጊዜ ድልድዩን የዘጋ ሰው፣ ብርዱ መሐል ከሚውለው አዲስ ዓመት በፊት በሚጸድቀው የስም ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ዓመቱን ሙሉ አይጭንም።

ጌንግ ባዎትየን ሁለት ጊዜ ዘግቶ ነበር።

ጌንግ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ አንድ መኪና አለው፣ ከዚያ ሌላ ምንም የለውም። በዚህ መንገድ ላይ የሉዋን የመጀመሪያ ደንበኛ እሱ ነበር። እንደ እሱ የሚያወራ ሰው አላውቅም። ባትሪ በሚለወጥለት አምስት ደቂቃ ውስጥ የምራቱን፣ የጎረቤቱን ውሻና የራሱን ሐሞት ጠጠር ይጨርስልሃል። የሱፍ አበባ ፍሬ እየቆረጠመ ስለሚያወራ ቅርፊቱ ካፖርቱ ላይ ይበተናል።

የዓመቱ መጨረሻ ወር ከገባ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ መኪናውን ሉዋን ደጅ አቁሞ ከነብርድ ልብሱ ወረደ።

"እህቴ፣ ከሞት ተነሥቼ መጣሁ" አላት።

"ከሞት የተነሣ ሰው እንዲህ ሱፍ አይበላም። ምን ሆንክ አያ ጌንግ?"

"ዛሬ ድልድዩን ስጨርስ ባትሪው ስምንት ሆነ። ልክ ስጨርስ! ድልድዩ መቶ ሜትር ቢረዝም ኖሮ ሦስተኛዬ ነበር።" ጓንቱን አውልቆ እጁን ተነፈሰበት። "ስምንት ጎማ እፈልጋለሁ። ከጋቢናው ኋላ ሆነው መኪናውን ለሚገፉት ስምንቱ። አዳራሹ ውስጥ ለኤሌክትሪክ ተብሎ የተሠራ ጎማ አለ፣ ባትሪ ይቆጥባል እያሉ ነው። አንቺ ካመጣሽልኝ ካንቺ፤ ካላመጣሽ እዚያው እሄዳለሁ። እንዳትቀየሚኝ።"

አዳራሹ የሚለው ከመንገዱ ማዶ ባለፈው ዓመት የተከፈተውን፣ መስታወት በመስታወት የሆነውን አዲስ ጎማ ቤት ነው። ሉዋን ቀና ብላ አላየችውም።

"ኤሊው መጀመሪያ የበራብህ መቼ ነው?"

"የእናቴ ሙት ዓመት በዋለ ማግሥት።"

"እኔ ጎማ የቀየርኩልህስ?"

"ከዚያ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ…" ጌንግ ሱፉን መቆርጠም አቆመ። "ምን ልትዪ ነው?"

"ምንም አላልኩም። ሳይቀዘቅዝ ልዳስሰው።"

ጠመኔ ከኪሷ አውጥታ ከፊት ግራ ጎማ ጀመረች። የእጇን ጀርባ ታሳርፋለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ ጎማው ጎን ላይ ትጭራለች። ለብ ላለው አንድ ጭረት፣ ለሞቀው ሁለት፣ ለጋለው ሦስት። እኔ ፈረቃዬን ልጀምር መጥቼ አጥሩ ላይ ተደግፌ አይ ነበር። የፊቶቹ አንድ አንድ ናቸው። የሚገፉት ስምንቱ፣ ሁለት ወር ያልሞላቸው ባለ ጥልቅ ጥርሶቹ፣ ሁለት ሁለት። ጭራው ላይ ስትደርስ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። አራቱ ላይ እጇን አሳርፋ ማቆየት አልቻለችም። አራት ጭረት የሚባል ነገር ስላልነበራት ክብ አደረገችባቸው።

ከዚያ ሲባጎ አመጣች። ጭራው ላይ ጎማዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው መንታ ናቸው። ከመንታዎቹ አንዱን በሲባጎው ዙሪያውን ለካች፣ ቋጠሮ አሰረች፣ ጓደኛውን ለካች። በሁለቱ መሐል የሁለት ጣት ልዩነት ነበር። ሌላውን ጥንድ ለካች። የሦስት ጣት።

"እነዚህ መንታ ናቸው?" አለች።

"እኔን ትጠይቂያለሽ? ያጋባሻቸው አንቺ ነሽ!"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

እሷ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሲባጎውን እጇ ላይ እየጠቀለለች ተናገረች።

"ከሁለት ወር ግድም በፊት አዲስ ስገጥምልህ፣ አሮጌዎቹን አውርጄ እዚህ ጨመርኳቸው። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ። ትልቁ መሄድ ይፈልጋል፣ ትንሹ ይይዘዋል። በአንድ አክስል ታስረው ሰማንያ ኪሎ ሜትር ሲታገሉ ይውላሉ። ሙቀቱ እሱ ነው። ሙቀቱ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። ካንተ ባትሪ ነው የሚወጣው።"

"በናፍጣውም ጊዜ እኮ እንዲሁ ነበር የምናደርገው።"

"በናፍጣው ጊዜ በየመንደሩ ማደያ ነበረ። ማን ቆጠረው?"

"እሺ፣ እና?"

"ስምንቱን አትንካቸው። ጥርሳቸው ገና ነው፤ ብርዱ ሲወጣ እንነጋገራለን። የአዳራሹ ጎማ ክፉ ነው አልልህም፣ ጥሩ ጎማ ነው። ግን በዚህ ጭራ ላይ፣ ድንጋይ በጆንያ እየጎተትክ አዲስ ጫማ መግዛት ነው። የሚያስፈልግህ አሥራ ሁለት ነው። ለጭራው።"

ጌንግ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ፊቱ ቀላ።

"ስምንት ልገዛ ብመጣ አሥራ ሁለት ትሸጪልኛለሽ? ለጭራ? ሻንግ! ኧረ ሻንግ! ሚስትህን ያዝልኝ!"

ሻንግ ከኩሬው ዳር የበረዶውን ቀዳዳ እያሰፋ ነበር። "እኔ የምይዘው ሽሪምፕ ብቻ ነው!" ብሎ ጮኸ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ይኼን ማን ጻፈው?" ጌንግ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። "'አዲሱ ለራስ፣ አሮጌው ለጭራ።' ልጄን ሳይቀር ያስተማርኩት ይኼንን ነው። የሠርጉ ቀን ሳይቀር 'አዲሱ ለራስ' እያልኩ ጽዋ አንሥቻለሁ። አሁን ስሕተት ነው ልትዪኝ ነው?"

ሁለት ሾፌሮች ተራቸውን እየጠበቁ ጎማ ክምር ላይ ተቀምጠው ነበር። አንደኛው ስልኩን አስቀምጦ ጆሮውን ሰጠ።

"ያኔ ልክ ነበር" አለች ሉዋን።

"አሁንስ?"

"አሁን ስሕተት ነው።"

ይህን ስትል ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። ግን ተነሥታ እጇን ሁለት ጊዜ ታጠበች፤ የቀዘቀዘ ውኃ ነበር። ሲመሽ ነገሩ በሾፌሮቹ ስልክ በድምፅ መልእክት ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ደርሷል፦ ሉዋን የገዛ ግድግዳዋን ካደች፤ ጎማ አልሸጥ ሲላት ለጭራ አዲስ ትሸጥ ጀመር። በዚህ መንገድ ላይ የሰው ሁሉ መኪና በእሷ ቃል ነው የቆመው፤ ቃሏ ከወደቀ መስታወቱ አዳራሽ ሩቅ አይደለም።

ጌንግ ግን አልሄደም። እየተራገመ ቀረ። ለምን እንደቀረ ሲያወራ፣ "አራቱን ክቦች እኔም በእጄ ነካኋቸው፤ እጄን አቃጠሉኝ። ጎማ አይዋሽም፣ ሴትዮዋ ብትዋሽ" ይላል።

የሚገጠመውን ሲመርጡ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ። ሉዋን መጋዘኗ ውስጥ ለጭራ የሚሆን ሁለት ዓይነት ጎማ ነበራት። አንዱ ጥርሱ ጣት የሚያስገባ፣ ግርማ ያለው። ሌላው ቀጥ ያሉ ቀጭን መስመሮች ብቻ ያሉት፣ ጥልቀት የሌለው።

"ይኼማ ያለቀ ነው!" አለ ጌንግ ሁለተኛውን እያገላበጠ። "አዲስ ብለሽ ያለቀ ልትሰጪኝ?"

"ጭራው ይገፋል?"

"አይገፋም።"

"ይጎትታል?"

"አይጎትትም፣ ይከተላል።"

"ታዲያ የሚከተል ፍጡር ጥርስ ምን ያደርግለታል? ጥርሱ በሄደ ቁጥር ይተጣጠፋል፤ በተጣጠፈ ቁጥር ይሞቃል። ይኼኛው ዝም ብሎ ይንከባለላል።" ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አሳየችው። "የሚሸከመውን እይ። ከዚያኛው አያንስም።"

"ፊቱ አያምርም።"

"ምራት ልትመርጥ ነው የመጣኸው?"

"ምራቴን እኔ አልመረጥኩም፤ ያን ጊዜ ብጠየቅ ኖሮ…" ጀመረ ጌንግ። እሷ ክሪኩን ከጭራው ሥር አስገባች።

እሱም ካፖርቱን አወለቀ። ሲፈቱና ሲገጥሙ አመሹ። መኪናው ለንጋቱ ሰልፍ መድረስ ነበረበት፤ በሰልፉ ላይ ተራውን ያጣ የቀኑን ጭነት ያጣል። በሥራዬ መሐል የኮምፕሬሰሩ ድምፅ ሲነሣና ሲያርፍ እሰማ ነበር። ሌሊቱ ሲጋመስ ሻንግ በእንፋሎት የበሰለ ዳቦና በአኩሪ አተር የተቀቀለ ዓሣ አመጣላቸው፤ ለእኔም አንድ ዳቦ በአጥሩ ላይ አሳለፈልኝ። ስድስተኛው ጎማ ላይ ነበሩ።

አሥረኛው ላይ ጌንግ ደከመው፤ ሲደክመው ደግሞ ያሰበውን ይናገራል።

"አንድ ነገር ልንገርሽ እህቴ" አላት፣ ብሎን እያቀበላት። "ነገ ኤሊው ቢበራ ሦስተኛዬ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም። አንቺ እዚህ ምድጃሽ ዳር ሆነሽ ትሰሚያለሽ። ድልድዩ ላይ ቆሜ ከኋላዬ ስልሳ መኪና ጡሩምባ ሲነፋብኝ የምውለው እኔ ነኝ። ብቻዬን። ከመሬት ሆኖ መማል ቀላል ነው።"

ሉዋን ብሎኑን አጠበቀች። አሥራ አንደኛውን ገጠመች፤ አሥራ ሁለተኛውን ገጠመች። ንፋሱን አንድ በአንድ ለካች፤ መንታዎቹን በሲባጎዋ እንደገና ለካች፤ ቋጠሮው ሁሉም ላይ አንድ ቦታ ዋለ። ከዚያ ቀይ ጨርቅ ቀደደችና የጭራው የመጨረሻ ጎማ ብሎን ላይ አሰረችው።

"ለጭራ?" አለ ጌንግ።

"ለጭራ።"

ባትሪውን ሊለውጥ ወደ እኛ ጣቢያ ሲገባ ገና አልነጋም ነበር። የሞላውን አስቀመጥኩለት፤ ሰሌዳው መቶ አለ። ጌንግ ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ እየጠመጠመ ሳለ የቀኝ በኩል በር ተንኳኳ። ሉዋን ነበረች። ትልቁን የጥጥ ካፖርቷን ለብሳለች፤ ሲባጎዋና ጠመኔዋ እጇ ላይ ናቸው። የጎማ ቤቷን በር ቆልፋለች። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ በሥራ ቀን ያ በር ተቆልፎ አላየሁም ይላል ሻንግ።

"ክፈት" አለች።

ጌንግ በሩን ከፈተ። ሉዋን መርገጫውን አየችው። ሁለት ደረጃ ነው። እጀታውን በስሜት አልባ ጣቶቿ ጨበጠች፣ ለቀቀች፣ በሌላኛው እጇ ጨበጠች። ሻንግ ከኋላዋ ቆሟል።

"ኮፍያሽን ያዢ" አላት።

ወጣች።

እኔ ፈረቃዬ ቢያልቅም ወደ ቤት አልሄድኩም። የቀን ሠራተኛው ምን ሆንክ ሲለኝ መጽሐፍ ልጨርስ ነው አልኩት። ገጽ ግን አልገለጥኩም። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ ጌንግ ነው።

የብረት አፈሩን ጭነው፣ ተመዝነው፣ ሲነጋጋ ዳገቱን ጀመሩ። ሉዋን ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ አንቃ ይዛዋለች። ጌንግ ስለ ምራቱ አወራላት፤ ስለ ጎረቤቱ ውሻ አወራላት። እሷ የሰማችው ከኋላ የሚመጣውን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "እንዴት ዝም አለ!" አለች። ጭራው እንደሆነ ገብቶታል።

ማቅለጫው ሲደርሱ ባትሪው አርባ ሦስት ነበር። ባለፈው ሳምንት ሠላሳ ስምንት ነበር እዚያው ቦታ። ጌንግ ጣቱን ሰሌዳው ላይ ጠቁሞ ሊጮህ ሲል እሷ ወርዳ ነበር። አሥራ ሁለቱንም በእጇ ጀርባ ዳሰሰቻቸው። ጠመኔዋን አውጥታ አንድ አንድ ጭረት፣ አንድ አንድ ጭረት። ሁለት የተጫረበት አንድም አልነበረም። የማራገፊያው ዘበኛ፣ ሴትዮዋ መኪናውን ትባርካለች እንዴ ብሎ ጌንግን ጠይቆታል።

"አምስት ነጥብ ተረፈን!" አላት ስትመለስ።

"ድልድዩ ገና ነው" አለችው።

ልክ ነበረች፤ ሲመለሱ ነፋሱ ከባሕር ዞረባቸው። ባዶ ተሳቢ የባሕር ነፋስ ፊት ለፊት ሲመታው ባትሪ እንደ ተቀደደ ጆንያ ነው። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ። ከሜዳው መሐል ላይ ጌንግ ማውራት አቆመ። ጌንግ ዝም ሲል ምን ያህል እንደሚያስፈራ የማያውቀው ሰው አይረዳውም።

"ሱፍህን ብላ እንጂ" አለችው ሉዋን።

"አልቋል።"

አላለቀም ነበር። ኪሱ ሙሉ ሱፍ ነበር፤ እኔ ራሴ በኋላ ቆርጥሜያለሁ።

ሃያ አራት። ሃያ። እግሮቻቸው ደንዝዘዋል፤ የመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ከትንፋሻቸው የተነሣ በረዶ ሠርቷል። ጌንግ በጨርቅ እየፋቀ ይነዳል። ወደ ድልድዩ እግር ሲደርሱ አሥራ ሰባት ሆነ። ድልድዩን በዘጋባቸው ሁለት ቀናት እዚያው ቦታ ላይ ዘጠኝ ነበር። ድልድዩ ግን ዳገት አለው።

ወጡት። መሐሉ ላይ፣ ጌንግ ሁለቴ የቆመበት ቦታ፣ የድልድዩ ብረት አጥር ተጭሯል፤ መጎተቻ መኪናው ሲመጣ የጫረው ነው። ያንን አለፉ። አሥራ ስድስት። ጌንግ ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እጄን ወደ ማሞቂያው ዘረጋሁና ከፈትኩት" አለኝ። "ከመጀመሪያው ውርጭ ወዲህ ነክቼው አላውቅም ነበር። አቧራ አቧራ ሸተተ።"

"ምን ታደርጋለህ!" ብላ ጮኸችበት።

"ተርፎኛል" አላት። "ልሙቅበት።"

ሰሌዳውን አየች። አሥራ ስድስቱን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ የእጇን ጀርባ ትኩሱ አየር የሚወጣበት ላይ አሳረፈች፤ ጎማ ስትዳስስ እንደምታደርገው፣ ትንሽ ቆየች። ጠመኔው ከጭኗ ላይ ወደቀ፤ አላነሣችውም።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ጣቢያችን ውስጥ ቆሞ፣ ማሽኑ ባትሪውን እያነሣ ሳለ ነው። ሰሌዳው አሥራ አምስት ይላል። ባትሪ ሲነሣ ጋቢናው ይንቀጠቀጣል፤ አዲስ ሾፌር ሁልጊዜ ይደነግጣል። ቀና ብዬ አየሁ። ከወንበሩ ጀርባ ካለው አልጋ ጫፍ የሉዋን ቦት ጫማዎች ወጥተዋል፤ ከማሽኑ ጋር ይወዛወዛሉ፣ እሷ ግን አልነቃችም። ሁለት ሾፌሮች ሊጠይቁ መጥተው ነበር፤ ጌንግ ጣቱን አፉ ላይ አደረገና በእጁ ወደ ጭራው፣ ወደ ቀዩ ጨርቅ አመለከታቸው። ሄደው ጎማዎቹን በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱ።

"መቼ ነው የተኛችው?" አልኩት።

ድልድዩን ወርደው እንዳበቁ እሷ ወደ ኋላው አልጋ ስትወጣ፣ ጌንግ የሰሌዳውን ሰዓት አይቶ ነበር።

"ስምንት ሰዓት ከአሥር" አለኝ።